በሦስት ፈንታ አንድ

ፀጉር ማስተካከል ማንም አላስተማረኝም። አሮጌ ማሽን ገዝቼ፣ በሁለት መስታወት መሃል የራሴን ጭንቅላት እያየሁ፣ እያበላሸሁና እየላጨሁ ብቻዬን ተማርኩት። ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከኔ የተሻለ ፌድ፣ ወደ ጆሮ እየሳሳ የሚወርደውን ቁርጥ፣ የሚሠራ አለ የሚል ካለ ወንበሬ ላይ ይቀመጥና ይፍረድ። ወጣቶቹ ከስልካቸው ቪዲዮ እያዩ የሚለማመዱትን እኔ በጣቴ አውቀዋለሁ። ማሽኑ አፍ ላይ የሚሰኩት ማበጠሪያዎች ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፀጉሩ ያጥራል። ከላይ በሦስት ትጀምራለህ፣ ወደ ጆሮ በሁለት፣ ከዚያ በአንድ ትወርዳለህ። በየመሃሉ የሚቀረውን መስመር በማሽኑ ጎን ያለችውን ማንሻ ከፈት ዘጋ እያደረግህ ታጠፋዋለህ።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ያን ቅዳሜ የተሳሳትኩት።

ጎረቤት ከተማ ኬንት የሚኖር የጭነት መኪና ሾፌር ደንበኛ ነበረኝ። አዲስ አበባ ያሉት እናቱ ታመው ስለነበር ለሰኞ ትኬት ቆርጧል። አርብ ዕለት ማረፋቸውን ግን አልሰማም። እዚያ ያለው ወንድሙ የደወለው ለሱ ሳይሆን፣ እኔም ላለሁበት ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ነው። እሑድ ማለዳ ቤቱ ሄደን ልናረዳው ተስማማን። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ሚስቱ እንኳ አውቃ ዝም ብላለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፀጉር ቤቴን በር ከፍቶ ገባ።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ! ትራኩን ፓርክ አድርጌ ሮጬ ነው የመጣሁት። ሶ፣ ዛሬ አሳምረው ያስተካክሉኝ። እማዬ ጎፍሬ ካየችኝ ‹አሜሪካ መቀስ የለም ወይ?› ነው የምትለኝ።»

«ተቀመጥ ልጄ» አልኩት።

በኛ ልማድ ሐዘን የገባው ወንድ ፀጉሩን አይስተካከልም። ልመልሰው አሰብኩ፤ ይጠረጥራል ብዬ ማሽኑን አነሳሁ። ግራውን ጥሩ አድርጌ ጨረስኩ። እሱ ለእናቱ ስለገዛው ሹራብ ያወራል፤ «እጅጌው ይረዝምባት ይሆን?» እያለ ይጠይቀኛል። «አይረዝምም» እላለሁ። ወደ ቀኝ ዞሬ፣ በሦስት ፈንታ አንድ ሰክቼ፣ ከጆሮው ወደ ላይ ሳብኩት። ጭረቱ ወለል ብሎ ወጣ።

በመስታወቱ አይቶት ሳቀ።

«ኧረ ጋሼ! እርስዎም ይሳሳታሉ? ምነው፣ ሰው ሞተብዎት እንዴ?»

«የለም» ማለት ነበረብኝ። ማሽኑ እጄ ላይ እየጮኸ ቆምኩ። ሳቁ ከፊቱ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«እማዬ ናት?»

አንገቴን ደፋሁ።

አንገቱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ወደ ፊቱ ሰብስቦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ብዙ ቆይቶ «ይተዉት ጋሼ፣ ልሂድ» አለኝ።

«ጎንህ እንዲህ ተቦጭቆ ለቅሶህ ላይ አትቀመጥም» አልኩት። ሌላ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። አንደኛው ወደ ጥግ ወስዶኝ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን መደበቅ አቃተህ?» አለኝ። ያ ልጅ በወዳጆቹና በሚስቱ መሃል ሆኖ መስማት ሲገባው፣ የሰማው ከኔ፣ አንገቱን ከደፋ አንድ ሽማግሌ ነው። እስከ ዛሬ ያመኛል።

የቻልኩትን ግን ልናገር። ቀኙን ወደ አንድ አውርጄ፣ ግራውንም እሱን እንዲመስል መልሼ አሳጥሬ፣ ጭረቱን አጥፍቼዋለሁ። በለቅሶ የሚንቀጠቀጥ ራስ ላይ ስሠራ ጆሮውን አልነካሁም። በሩን ቆልፌ፣ የደወልኩላት ሚስቱ እስክትመጣ ድረስ ማንም በዚያ ሁኔታ እንዳያየው አድርጌያለሁ። እሑድን ሙሉ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ሰኞ ኤርፖርት አድርሼ ሻንጣውን ከመኪናው አውርጄለታለሁ።