የጋሽ ቱፋ እስስት

ባለፈው ክረምት ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የስኳር ጣሳዬን ጉንዳን ወረረው። ቤቱን ያሳየኝ ደላላ «አባቴ፣ እዚህ ከፍታ ላይ እንኳን ጉንዳን ዝንብም ደክሟት ነው የምትደርሰው» ብሎኝ ነበር። እኔ ደረጃውን አራት ጊዜ አርፌ የምወጣ ሰውዬ፣ ጉንዳን ቀድሞኝ መድረሱ አናደደኝና አንዱን በአውራ ጣቴ ጨፈለቅኩት። ጣቴንም አሸተትኩት። ሽማግሌ የሚሠራው ሥራ አይደለም፤ ማን ያየኛል ብዬ ነው። ያ የኮመጠጠ ሽታ፣ የዛገ ብረት ላይ ሎሚ ያሹበት የሚመስለው፣ አፍንጫዬ ውስጥ እንደገባ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሰባ ዓመት ያለፈው ፍርሃት አንዲት ቀን እንኳ ሳያረጅ ጠበቀኝ፤ ያረጀሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ያኔ ቤታችን ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ በስተጀርባ ነበር። የጭነት ባቡር ሲያልፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት የቆርቆሮ ሳህኖች ይንጫጫሉ፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ኋላ ጭቃው እየተፈረፈረ ይወርዳል። ከጣቢያው የሚመጣው ሽታ እንደ ባቡሩ ይለዋወጥ ነበር። ባቡሩ ከድሬዳዋ ሲመጣ ብርቱካንና ፓፓያ፣ ከአዲስ አበባ ሲወርድ ጥሬ ቆዳ፣ በመካከሉ ደግሞ ሁልጊዜ ግራሶ። የጋሽ ቱፋም ልብስ ግራሶ ግራሶ ይሸት ነበር። ባቡር ሲደርስ ሐዲዱን የሚቀይሩት እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የግራ ትከሻቸው ትንሽ ዘንበል ያለ ሰው ነበሩ፤ ያንን ከባድ የብረት እጀታ ለብዙ ዓመት ከመሳብ የመጣ ነው ይባላል። ቀይና አረንጓዴ ባንዲራቸውን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይይዛሉ። እኛ ልጆች ባቡር እንዲጠፈጥፍልን ቆርኪ ሐዲዱ ላይ ልናስቀምጥ ስንጎነበስ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ኢጆሌ፣ ራቁ» ይሉናል። እንርቃለን።

ከባንዲራቸው ይልቅ የምንፈራው እስስታቸውን ነበር።

በሰፈራችን እስስት የሚያሳድግ ሰው ከእሳቸው በፊትም ሆነ በኋላ አላየሁም። አጥር ላይ ያገኘቻት ልጃቸው ጫልቱ ናት። ጫልቱ እኩያዬ ነበረች፤ እናቷ ሞታ ከአባቷ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ደረቷን ያፍናት ስለነበር የአቃቂ ክረምት አይስማማትም ተብሎ ሰኔ ላይ ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ትላካለች። በዚያ ዓመት ስትሄድ እስስቷን ለአባቷ አደራ ሰጠች። «ለእንቁጣጣሽ ስመለስ ጣቢያው ላይ ይዘሃት ጠብቀኝ» አለቻቸው። ስሟንም ሊትሪና ብላታለች። ሊትሪና በዚያ ዘመን ከሁሉ ፈጣኗ የመንገደኛ ባቡር ነበረች፤ እስስቷ ግን ከአንድ ቅጠል ወደ ሌላው ለመሻገር የግማሽ ቀን ምክክር የሚያስፈልጋት ፍጥረት ናት።

ጋሽ ቱፋ ከተሰበረ የጭነት ሳጥን ቤት ሠሩላት። ፊቱ የሽቦ ወንፊት፣ ጎኑ የፈረንሳይኛ ፊደል የታተመበት ጣውላ፣ ውስጡ የወይራ ቅርንጫፍ። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ከጣራቸው ጠርዝ ሥር አኖሩት፤ የጠረጴዛውን አራት እግሮች ደግሞ ውሃ በተሞሉ የቲማቲም ጣሳዎች ውስጥ አቆሟቸው፣ ጉንዳን እንዳይወጣ። ባቡር በሌለበት ሰዓት ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ያዩዋታል። አንድ ቀን እኔንም ጠሩኝ።

«ተመልከት» አሉኝ። «አንዷ ዐይኗ ወደ ለገሃር፣ አንዷ ዐይኗ ወደ ዱከም። እኔ ይህን ሥራ የምሠራው አንገቴን እያዞርኩ ነው። መቀጠር የነበረባት እሷ ናት።»

እኔ አፌን ግጥም አድርጌ ቆሜያለሁ። እስስት ጥርስህን ከቆጠረች ይረግፋል፣ ከነካችህ ደግሞ ቁመትህ እዚያው ይቀራል እንባባል ነበር። ዛሬ አጭር ነኝ፤ ጥርሶቼም ብርጭቆ ውስጥ የሚያድሩ ናቸው። ስለዚህ ጓደኞቼ ሙሉ በሙሉ ተሳስተው ነበር ለማለት አልደፍርም።

ፍርሃቴ ይህን ያህል ከሆነ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ዝም ማለት ግን ያኔም አልሆነልኝም። አንድ ቀን ልጆች በተሰበሰቡበት «እኔ በእጄ ይዣት አውቃለሁ፤ ቆዳዋ እንደ ሐር ነው» አልኩ። ሐር ነክቼ አላውቅም፤ እስስትም እንደዚያው። ዞር ስል ጋሽ ቱፋ ባንዲራቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል።

ነሐሴ ላይ ከዱከም ማዶ ጎርፍ ከሐዲዱ ሥር አፈሩን ጠረገውና የጣቢያው ሠራተኛ ለአራት ቀን ለጥገና ተጠራ። ጋሽ ቱፋ ስንቃቸውን አንግተው ወደ ቤታችን መጡ።

«ደምሴን ፈልጌ ነው» አሏት እናቴን። «ሊትሪናን የሚጠብቅልኝ። በእጁ ይዟት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።»

«ይሄ?» አለች እናቴ። «ጋሽ ቱፋ፣ ይሄ እኮ ከጫጩት የሚሸሽ ልጅ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም ነበር። «አልፈራም» አልኩ።

ጋሽ ቱፋ ሳጥኑ ዘንድ ወስደው አንድ በአንድ አሳዩኝ። ጠዋት ጠዋት ቅርንጫፉ ላይ ውሃ ይረጫል፤ የምትጠጣው ጠብታውን ነው። የፓፓያ ልጣጭ ይቀየርላታል፤ ዝንቡ ለሽታው ይመጣል፣ ሌላውን እሷ ታውቅበታለች። ከዚያ ጎንበስ ብለው አራቱን ጣሳዎች እስከ አፋቸው ሞሉ።

«ዋናው ይሄ ነው» አሉ። «ከእጅህ በስተቀር ሳጥኑን ምንም ነገር አይንካው። ሣርም ቢሆን፣ ክርም ቢሆን። ገብረ ጉንዳን ለመሻገር አንዲት ሰበዝ ትበቃዋለች።»

«ከመጣ ላምባ ላፍስበት?»

«ላምባ እሷንም ይገድላታል። ቆዳዋ ይጠጣዋል። እጅህን አስገብተህ ታወጣታለህ፣ በቃ። አንተ ደግሞ ለምደሃታል።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲሉ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበር ወይስ አልነበረም፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በመጀመሪያው ቀን ሳጥኑ ፊት የቆምኩት እንደ ተከሳሽ ነው። አንዷ ዐይኗ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ሌላዋ እናቴ የት እንዳለች የምታጣራ ይመስል ወደ ቤታችን። ትንሿን በር ከፈትኩ። እጄ ግን አልገባም አለ። አዘዝኩት፣ ለመንኩት፣ አልሰማኝም። ሄጄ ረጅም የባሕር ዛፍ ዘንግ ቆርጬ ላጥኩ፣ ጫፉ ላይ የፓፓያ ልጣጭ ሰካሁና ከሁለት ክንድ ርቀት ወደ ውስጥ ገፋሁት። ውሃውንም ከሩቅ በጣሳ ወረወርኩ፤ አብዛኛው ፊቴ ላይ ተመለሰ። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ስለነበር በሩን ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት ሰለቸኝ፤ የዘንጉን አንዱን ጫፍ በሩ ውስጥ፣ ሌላውን ጫፍ ጭቃው ውስጥ ተክዬ ተውኩት። ነገ ልጣጩን ብቻ አንሸራትታለሁ ብዬ። በብልሃቴ ኮርቼ ሄጄ ቁርሴን በላሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ላይ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ወደ ሳጥኑ ስቀርብ መጀመሪያ ያ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ደረቅ ቅጠል የሚታሽ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፤ ቅጠሉ ሁሉ ግን እርጥብ ነው። ዘንጉን አየሁት። የተላጠ የባሕር ዛፍ ዘንግ ነጭ ነው። ይህኛው ጥቁር ነበር፤ ጥቁረቱም ይንቀሳቀሳል።

ገብረ ጉንዳን። ከአጥሩ ሥር ወጥቶ፣ ግቢውን እንደ ገመድ አቋርጦ፣ በእኔ ዘንግ ላይ ወደ በሩ ይገባል። የታሰረ ጥጃ በልቶ ገመዱን ብቻ ተወ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ስለ ሕፃን የሚወራውን ደግሞ እናቴ እንዳልሰማ ጆሮዬን ይዛዋለች። ሊትሪና የቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ከዚያ ወዲያ የሚሄዱበት የለም። ከሰል መስላለች፣ አፏን ከፍታለች፣ አንዱን እግሯን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ሌላውን ታነሳለች። ድምፅ አልነበራትም። ድምፅ ቢኖራት ኖሮ ሮጬ እጠፋ ነበር። ዝም ስላለች መሄድ አቃተኝ።

ዘንጉን በእግሬ መትቼ ጣልኩት። እነሱም ወደ እግሬ ዞሩ። ስጮህ እናቴ የላምባ ጠርሙስ ይዛ ከቤት ወጣች።

«ዞር በል፣ ላፍስበት።»

«አይሆንም እማዬ፣ እሷንም ይገድላታል።»

«ታዲያ ማን ሊያወጣት ነው? እኔ እንደሆነ አልነካትም፣ ልጆች አሉኝ።»

አንዱ ልጅ እኔ እንደሆንኩ ለማስታወስ ጊዜ አልነበረም። ዐይኔን ጨፈንኩ፣ አፌንም ገጠምኩ፣ እጄን አስገባሁ። ክንዴ እስከ ክርኑ ድረስ እሳት የነካው መሰለኝ። ከዚያ እሳት መሐል አንድ ቀዝቃዛ ነገር ጣቴን ያዘኝ። እንደ ሁለት ትንንሽ መቆንጠጫ ያሉ እግሮች፣ ጥብቅ አድርገው። እኔ የያዝኳት አይመስለኝም፤ የያዘችኝ እሷ ናት። አወጣኋትና ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ነከርኳት። ከዚያ ከአፏ ጠርዝ፣ ከብብቷ፣ ከዐይኗ ቆብ ላይ አንድ በአንድ ለቀምኩ። ገብረ ጉንዳን ገላው ቢበጠስም መንጋጋው አይለቅም። ከግራ ዐይኗ ላይ ሦስት ራሶች ነቀልኩ። ዐይኗ ከዚያ ወዲያ አልዞረም።

እናቴ ጉንዳኑን በአመድና በፈላ ውሃ ስታባርር፣ እኔ ዘንጉን ሰባበርኩና ቦይ ውስጥ ጣልኩት። ይህን ያደረግሁት እጄ እያበጠ፣ እንባዬ እየወረደ ነው። ለተንኮል ግን ሁልጊዜ አቅም አለኝ።

ጋሽ ቱፋ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። «ጉንዳኑ ውሃውን ዋኝቶ ነው የተሻገረው» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ጣሳዎቹን አዩ፤ አራቱም ሙሉ ናቸው። ከዚያ ከጠረጴዛው ፊት ጭቃው ላይ አንዲት ክብ ቀዳዳ አዩ። ትንሿን ጣታቸውን አስገቡባትና ልኳን ለኩ።

«ብልህ ጉንዳን ነው» አሉ።

ቀና ሲሉ እጄን አዩ። «በእጅህ ነው ያወጣሃት?»

«አዎ።»

ከዚህ ሌላ አልጠየቁኝም። ለዚህ ነው የፈራኋቸው። ቢገርፉኝ ኖሮ በማግስቱ እረሳው ነበር።

ለእንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። ሊትሪና ለስምንት ቀን ቀለሟ አልተመለሰም። ዝንብ ስታይ ምላሷን ትወረውራለች፤ በአንድ ዐይን ርቀቱን ስለማትለይ ትስታለች። ጋሽ ቱፋ ዝንቡን ይዘው አፏ ድረስ ያቀርቡላታል፤ ግራሶ የማይለቀው ወፍራም ጣታቸው አይንቀጠቀጥም። እኔ በየጠዋቱ ሞታ አገኛታለሁ እያልኩ እሄዳለሁ። «ዛሬም አለች» ይሉኛል ሳልጠይቃቸው። ውሃውን እረጫለሁ፣ በእጄ።

ጫልቱ የመጣችበት ቀን ሦስታችን ጣቢያው ላይ ነበርን፤ ጋሽ ቱፋ፣ ሳጥኑ፣ ከኋላ እኔ። እውነተኛዋ ሊትሪና ስትደርስ ጫልቱ ወፍራና ጠቁራ ወረደች። አባቷን ከመሳሟ በፊት ወደ ወንፊቱ ተጠጋች።

«ዐይኗ ምን ሆነ?»

በጋሽ ቱፋና በእኔ መካከል ያለው ርቀት አንድ እርምጃ አይሞላም። አፌን ከፈትኩ መሰለኝ። ምንም አልወጣም።

«ገብረ ጉንዳን ነው» አሉ። «ለሥራ ስሄድ የጣሳዎቹን ውሃ ሳልሞላ ሄጄ ነው።»

«አደራ ብዬህ ነበር እኮ፣ አባዬ።»

«አዎ፣ ብለሽኝ ነበር።»

ሳጥኑን ከእጃቸው ወሰደችና ፊት ፊት ሄደች። እሳቸው ሻንጣዋን አንስተው ተከተሏት። ሦስት ወር የጠበቋት ልጅ እስከ ቤት ድረስ ዞር ብላ አላየቻቸውም። መንገዱ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ርዝመቱ አላልቅ አለኝ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩና ቀስ ብለው «እጅህ አሁንም ይበላሃል?» አሉኝ።

«ትንሽ።»

«ቅቤ ቀባው።»

በሁለተኛው ዓመት ጋሽ ቱፋ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወሩ፤ ጫልቱም አብራ ሄደች። አገባኋት ብዬ እንዳወራ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ስሜንም በትክክል የምታውቅ አይመስለኝም። ሊትሪና ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት እንደኖረች አልሰማሁም። የጋሽ ቱፋን ማረፍ የሰማሁት ደግሞ ባቡሩ ራሱ መምጣት ካቆመ በኋላ ነው። ለልጃቸው እውነቱን ነግረዋት እንደሆነ የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም፤ የሚነግሯት ሰው ግን አልነበሩም። በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ አብዛኛውን ስቄ አልፌዋለሁ። ከእሳቸው የቀረኝ ሳልናገረው የቀረሁት አንድ ቃል ነው፤ እሱ አላሳቀኝም።

ጫልቱ፣ በሕይወት ካለሽና ይህ ጽሑፍ እጅሽ ከገባ፣ አባትሽ አራቱንም ጣሳዎች እስከ አፋቸው ሞልተው ነበር የሄዱት። ዘንጉን የተከልኩት እኔ ነኝ።