ሦስት ጊዜ ሳትለመን

በኢራኗ ከተማ ኢስፋሃን ውስጥ ሰማያዊ የመስጊድ ጉልላት በሚያድሱ ባለሙያዎች ዘንድ ለሥራ ልምምድ ካመለከተች ወዲህ፣ ተማሪዋ ማህሮክ በሕልሟም በቁሟም የምታየው ሰማያዊ ነው። የቃለ መጠይቁ ክፍል ባለቀለም መስታወት እንኳ ጣቶቿን በሰማያዊ ብርሃን ነክሯቸዋል።

«ጎበዝ ነሽ፤ ቦታው ያንቺ ነው» አላት ኃላፊው ኪዩማርስ።

«ኧረ ጌታዬ! ስንት የተሻለ ሰው እያለ፣ ለእኔማ ይበዛል!» አለች። የአገሯ ወግ ነው፤ ጨዋ ሰው ሦስቴ ሳይለመን እሺ አይልም።

ኪዩማርስ ግን ያደገው ጀርመን ነው። «ያሳዝናል» ብሎ ሌላ ተማሪ ሊጠራ ተነሳ።

ማህሮክ ደነገጠች። «የምሬን አይደለም እኮ! እፈልገዋለሁ፤ ካልሰጡኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትይም?»

«መጀመሪያማ ነውር ነው» አለች፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ።

ኪዩማርስ ሳቀ። «በይ ሰኞ ነይ።»

«እሺ!» አለች፣ አንዴም ሳትግደረደር።