«ስለነካው» እና «ከነካው በኋላ»

ባለ መፍቻው፣ የሆስፒታሉን የውሃ ፓምፖች ሃያ ሁለት ዓመት ሲጠግን የኖረው ሰው፣ የብልሽት ሪፖርቱን ወረቀት ሦስቴ አነበበው። «ሠራተኛው ሰኞ ስለነካው፣ ሁለተኛው ፓምፕ ሐሙስ ቆሟል» ይላል። ከፈረመ ከፓምፕ ቤት ወጥቶ በር ጠባቂ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ይፈርሙና ይገላገሉ» አለችው የጥገና ክፍል ኃላፊዋ። በዕድሜ ልጁ ትሆናለች።

«‹ስለነካው› የሚለውን ‹ከነካው በኋላ› በይልኝና እፈርማለሁ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

ድካም ተጫነው። ዕድሜ ልኩን ይህንኑ ሲያስረዳ ነው የኖረው። አምፖል በቀየረ ማግስት ቴሌቪዥን ቢበላሽ፣ ጎረቤት በሱ ያሳብባል። አማቱ እንኳ ጣሪያቸው ያፈሰሰው እሱ ግድግዳ ላይ ምስማር ስለመታ ነው ብለው ሰባት ዓመት አኩርፈውታል።

«ሰኞ አንደኛውንም ሦስተኛውንም ነክቻለሁ። ይኸው ይሠራሉ። መንካት የሚያቆም ቢሆን ሦስቱም በቆሙ።»

«እና እርስዎ የሉበትም?»

«እሱንም አላልኩም። ያንቺው ቃል አያስረዳም ነው ያልኩት። የለሁበትም ለማለትም ፓምፑን መክፈት አለብኝ።»

ባለቤቱ ደወለች። «ፈርምላቸውና ና፣ አንተ ሰውዬ! ለአንዲት ቃል ብለህ ደም ግፊትህን ልታስነሳ ነው?» እውነቷን ነው። እሱ ግን የቆመውን ፓምፕ ብሎኖች መፍታት ጀምሯል።

ሞተሩን ከፓምፑ የሚያያይዘውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ጫን አለው። እንደ ብረት ድርቅ ብሏል። አንድ ጣት ያህል መርገብ ነበረበት። ቺንጋው ከልክ በላይ የሳበው፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ሰኞ የሌሎቹን የሁለቱን ቺንጋ ለክቶ ነው ያጠበቀው፤ የዚህኛውን ግን ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት በግምት አጥብቆ ተወው።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው ጋሼ?»

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲህ! ያልኩትስ ይኸንኑ አይደል?»

«አይደለም። ደርሰሽበታል፤ የደረስሽው ግን በግምት ነው፣ እንደኔው። ‹ስለነካው› ብለሽ ከተውሽው፣ ከኔ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ፓምፕ መንካት ይፈራል። ‹ሳይለካ ከልክ በላይ ስላጠበቀው› ካልሽ፣ ለክቶ ያጠብቃል።»

እስክሪብቶዋን ተቀብሎ ቃሉን ሰረዘ፣ ሌላውን ጻፈ፣ ፈረመ።

«ከሰኞ ጀምሮ በር ላይ ነዎት እንግዲህ» አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ወንበር አለው?»

«አለው።»

«እሱስ ደህና» አለና አዲስ ኩሽኔታ ከመደርደሪያው አወረደ። ከሁለተኛው ፓምፕ ውሃ የሚጠብቅ ሕመምተኛ ፎቅ ሙሉ ነበር።