ቆሞ ያረጀ ጎማ

ቬርሊን ቁጭ ማለት አትችልም። የአሪዞና በረሃ መጋል ሲጀምር መኪና በሚጎትተው ተጎታች ቤት የምንከርመው አዛውንቶች አብዛኞቻችን ወደ ሰሜን እንበተናለን፤ ከሚቀሩት ውስጥ እሷና እኔ አንጠፋም። እሷ ግን ገና በየካቲት ዕቃ ትሸክፋለች፣ ማታ ትፈታዋለች፣ ጠዋት መልሳ ትሸክፋለች። የድስቱን ኳኳታ የምሰማው ጎረቤቷ እኔ፣ አሮጊቷ ዊላ ነኝ። አንዳንዴ በመስኮት "ወይ ሂጂ፣ ወይ አርፈሽ ተቀመጪ!" ብዬ እጮህባታለሁ።

የምትሄድበት አላጣችም። እህቷ ሮዌና ኦሪጎን ባሕር ዳር፣ ቤቷ ጎን ቦታ ጠርጋ በየዓመቱ ትጠብቃታለች። ባሏ ሃርላን "ዘንድሮስ እንሄዳለን" ሲል ሲል ሞተ፤ ሁለት ዓመት ሆነው። ቤቱን ሁልጊዜ የሚጎትተው እሱ ነበር። እሷ ፒካፑን ይዛ ገበያ ከመውረድ በቀር ቤቱን ጎትታ አታውቅም፣ ትፈራለችም። ዘንድሮ ግን "ብቻዬን እጎትተዋለሁ" ብላ ቆርጣ ተነሳች።

እኛ ሰፈር አንድ ሰው ሊነሳ ነው ከተባለ ሁሉም ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ይመጣል። ምክር በነጻ ስለሆነ ማንም አይቆጥብም። ቬርሊን ከፀሐይ የሚከልሉትን ነጫጭ ሸራዎች ከጎማዎቹ ላይ ገፈፈች። ጡረተኛው አናጢ ኦሪን ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጥርስ በጣቱ ነካካ።

"ይሄማ አዲስ ነው! ጥርሱ እንዳለ ነው። ምን ያስጨንቅሻል?"

"ሃርላንም ሊሞት ዓመት ሲቀረው አስቀይሬዋለሁ ብሎኝ ነበር።"

"አላልኩሽም!"

"ቆይ እስቲ፣ በዓይኔ ልየው" አለችና የእጅ ባትሪ ይዛ ከቤቱ ሥር ገባች።

የተጎታች ጎማ ከመሄድ ይልቅ መቆም ይገድለዋል። ላዩ አምሮ ውስጡ ይደርቃል። የተሠራበት ሳምንትና ዓመት በአራት አሃዝ፣ ብዙ ጊዜ በውስጥ በኩል፣ ጎኑ ላይ ታትሟል፤ የእኛ ሰው ግን ጥርስ አይቶ ይፈርዳል፣ ከዚያ አውራ ጎዳና ላይ ይፈነዳና የቤቱን ወለል ቦጭቆት ይሄዳል።

"ዊላ" አለችኝ ከሥር። ድምጿ ተለውጧል። "ዘጠኝ ዓመት።"

"ደግመሽ እዪው።"

"አራቱንም አየሁ። ወደዚህ የመጣንባቸው ናቸው። አልቀየራቸውም።"

ኦሪን ጣቱን ከጎማው ላይ አነሳ። አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ወጥታ ቆመች።

"ለሮዌና ደውዬ 'መጣንልሽ' ስላት እዚያ ቁጭ ብሎ ይሰማኝ ነበር እኮ! ሊሄድ አላሰበም። ከፈራ ፈራሁ አይልም?"

አለቀሰች። በንዴት ነበር፤ እኔም በሟቹ ተናደድኩ።

ከሰዓት በኋላ ጎሚስታው ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። "እማማ፣ ሩቅ ይጎትቱታል ወይስ እንዲሁ ቆሞ ነው የሚውለው?" አላት። "ለሚቆም ከሆነ ቀለል ያለው ይበቃዎታል።"

ቬርሊን ቀለል ያለውን ነካ አደረገችው። እውነቱን ልናገር፣ እሱን እንድትወስድ ፈልጌ ነበር። እሷ ከሄደች የማንን ድስት ኳኳታ ልሰማ ነው?

"ለሚቆም የሚሆንማ ነበረኝ፣ ልጄ" አለችው። "ቤቱን ከነዕቃው ከነውሃው አስመዝኜዋለሁ። ከዚያ በላይ የሚሸከም፣ ለተጎታች ተብሎ የተሠራ ስጠኝ። ሳትገጥመው ደግሞ ዓመቱን አሳየኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ተነሳች። ኦሪን ከኋላ እጁን እያወናጨፈ ሲያስወጣት የቆሻሻ በርሜሉን ገጭታ ጣለችው፤ አልቆመችም። "መጀመሪያ ስትቆሚ አራቱንም በመዳፍሽ ንኪ፣ አንዱ ለብቻው ከጋለ እንዳትነቃነቂ!" ብዬ ጮህኩላት። የእኛ ሰው ስንቅ ይቺ ናት።

እኩለ ቀን ላይ ደወለች።

"ነካኋቸው። አራቱም እኩል ለብ ብለዋል። የፈራሁት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ተመለሺ።"

"ጎማው ደህና ነው እያልኩሽ!" ብላ ሳቀችና ዘጋችው።

ቀጥሎ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። ወንዶቹ ወንበራቸውን ይዘው መጥተው "አንቺስ መቼ ነው?" አሉኝ። "በሚመጣው ዓመት" አልኳቸው፤ ሁልጊዜ የምለው ነው። ማታ እራት አልበላ አለኝ። ባትሪዬን ይዤ ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ፣ እንደገና ወጣሁ። ከጎማዎቼ ላይ ሸራውን እስካሁን አልገፈፍኩትም።