በድንኳኑ ውስጥ ያልተጠራው ስም

ወንድሜ ሁለት ስም ነበረው። አንዱን አያታችን በሀድይኛ አወጡለት። ሌላውን አንደኛ ክፍል ሲገባ መምህሩ ሰጠው፤ የቤቱ ስም ለመጻፍ ያስቸግራል ብሎ። ያስቸግራል! መምህሩ የሰጠው ስም ለመታወቂያና ለመንጃ ፈቃድ ብቻ ነበር። ሰፈሩም ገበያውም የሚያውቀው አያታችን ያወጡለትን ነው።

ተረት ያውቅ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ ባጃጅ እየነዳ የጅብና የጦጣ ተረት ይጀምራል። መውረጃቸው ደርሶ የማይወርዱ ነበሩ።

"ጨርሰው እንጂ! ጅቡስ?"

"ጅቡ መመለሻ ላይ ነው፤ ስትመለሱ በኔው ተሳፈሩ" ይላቸዋል።

ሲሞት የሕይወት ታሪኩን አጎታችን ጻፉ፤ ቢሮ ስለሚሠሩ።

"የቤት ስሙንም ይጨምሩበት። ተረቱንም" አልኳቸው።

"አንተ ልጅ፣ የቤት ስም ለቤት ነው። እንግዳ አለብን። ተረት ደግሞ ለሬሳ ምን ይሠራል?"

ቀብሩ ላይ መምህሩ የሰጠው ስም ብቻ ተነበበ። ትሑት ነበር፣ ዝምተኛ ነበር ተባለ። ዝምተኛ! እሱ!

ከአያታችን አገር ከፎንቆ ዘመድ መጥቶ ነበር። ከቀብር ተመልሰን ድንኳን እንደተቀመጥን፣ የአያታችን ጎረቤት የነበሩ አሮጊት እጄን ያዙ። ዓይናቸው ደክሟል። እኛ ወንድማማቾች ብዙ ነን፤ "ልጅ ሞተባቸው" ሲባል ሰምተው ነው የመጡት።

"እግዚአብሔር ያጽናህ" አሉኝ በሀድይኛ። ከዚያ የወንድሜን ስም ጠሩ፤ የቤቱን። "እሱ የት ሄዶ ነው? ጥራልኝ እስቲ። እናትህን የሚያጽናና እሱ ነው።"



"እማማ... አሁን የቀበርነው እሱን ነው።"

እጄን ለቀቁት። ከዚያ ስሙን ጮኸው ጠሩ። ደጋግመው ጠሩ። ከፎንቆ የመጡት አንድ በአንድ ተነሡ፤ የሞተው እሱ መሆኑን እነሱም አላወቁም ነበር። ልቅሶው እንደ አዲስ ተጀመረ።

"ሰዎች፣ ጸሎት ላይ ነን!" አሉ አጎታችን።

"ይጥሩት!" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። "ይጥሩት! እስካሁን የጠራው የለም!"

አጎታችን ዛሬም ሲያገኙኝ "በሰው ፊት አሳፈርከን" ይሉኛል። እኔ የማፍረው በሌላ ነው። የሚወዱት ሰዎች በሣጥኑ አጠገብ ቆሙ፣ አፈሩ ሲመለስ አዩ፣ ከዚያ ድንኳን ገብተው እሱን ፈለጉት።