ማኹ የቀነሰው አምስት

ማኹ ንጃይ ከሰው ጋር አያወራም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ያወራል። ብቻ የዓሣ አጥማጅ ሰፈራችን ጌት ንዳር ውስጥ የጀልባ ካፒቴን ሁሉ የሚያወራውን አያወራም፤ ዛሬ የት ዋልኩ፣ ምን ያህል ያዝኩ የሚል ነገር ካልጠየቁት ከአፉ አይወጣም። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ የጀልባ ሞተርና ጂፒኤስ እየጠገንኩ ነው የምኖረው። እሱንም ታናሽ ወንድሙን ማሳምባንም ከልጅነታቸው ጀምሮ አውቃቸዋለሁ።

እኛ ሰፈር የአንድ ካፒቴን ሀብት ጀልባው አይደለም፤ ከባሕሩ ሥር ያለው ቋጥኝ ነው። ቾፍ የሚባለው ውድ ዓሣ የሚደበቀው እዚያ ነው። አባቶቻችን ቋጥኛቸውን የሚያገኙት ከባሕር ሆነው የመስጊዱን ማማና የመርከብ መምሪያ መብራቱን እያስተያዩ ነበር። ጂፒኤስ ሲመጣ ቋጥኙ ቁጥር ሆነ። ቁጥር ደግሞ ይሰረቃል። ስለዚህ ካፒቴኑ ሁሉ መሣሪያውን በላስቲክ ጠቅልሎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ሲተኛ ትራሱ ሥር ይከተዋል። ሚስቱ እንኳ አትነካበትም።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። መሣሪያውን አንገቱ ላይ ያሰረ ሁሉ ከሰማይ የሚጠብቀው ሰው ያለው ይመስለዋል። ማሳምባም እንደዚያ ነበር።

«ሳተላይቱ አያየንም እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን ሱቄ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ።

«አያይህም። ምን ዓይን አለውና?»

«ታዲያ የት እንዳለሁ በምን ያውቃል?»

«እሱ አያውቅም አልኩህ! የሚያውቀው እጅህ ላይ ያለው ነው። አሁን አራት መስጊድ ላይ እኩል አዛን ተጀመረ እንበል። የቅርቡ ቶሎ ይደርስሃል፣ የሩቁ ይዘገያል። መስጊዶቹ የት እንዳሉ ካወቅክ፣ ድምፃቸው በዘገየው መጠን የቆምክበትን ማስላት ትችላለህ። ሳተላይቶቹም ሰዓታቸውን ነው የሚጮኹት። መሣሪያህ ይሰማል፣ ያሰላል፣ አለቀ። ሙአዚኑ ግን አንተ መንገድ ላይ መቆምህን በምን ያውቃል?»

«ብሰምጥስ?»

«አፍህን ከፍተህ ካልተናገርክ ማንም አይሰማህም።»

ማኹ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እሱ አፉን የሚከፍተው ለሩዝ ብቻ ነው» ብሎ አሳቀን።

የወንድማማቾቹ ራስ ምታት ቋጥኛቸውን ለማግኘት የሚከታተላቸው ካፒቴን ባሲሩ ጆፕ ነበር። በእኛ ልማድ ንጃይና ጆፕ የሚባሉ ቤተሰቦች ድሮም በስማቸው እየተቃለዱ ይሰዳደባሉ፤ ማንም አይቀየምም። ማኹና ባሲሩ በሬዲዮ ሳይቀር ይላከፉ ነበር።

«አንተ ጆፕ፣ ሩዝ ስታይ እናትህን የምትረሳ! ዛሬም ተከተልከኝ?»

«ምን ላድርግ ንጃይ፣ አያትህ የእኛ ቤት ባሪያ ነበር! የባሪያ ቋጥኝ የጌታው አይደል?»

ቀልዱ ቀልድ ነው። ባሲሩን አንድ ቀን የገዛ ቋጥኛቸው ላይ መረቡን ጥሎ ሲያገኙት ግን የማኹ ደም ፈላ። ሬዲዮውን ሰው ሁሉ እንደሚሰማው ያውቃል። ያን ለት ከማሳምባ ጋር ተማከሩና አንድ ነገር ቆረጡ። የቦታ ቁጥር ሁለት ነው፣ አንዱ የሰሜን፣ አንዱ የምዕራብ፤ በሬዲዮ ሲሰጣጡ ተናጋሪው በሰሜኑ ቁጥር ላይ አምስት ይጨምራል፤ ሰሚው አምስት ይቀንሳል። በሌላው ቁጥር ላይ ምንም አይነካም። ያቺ አምስት ባሕር ላይ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ነገሩን ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም።

ለዓመታት እንዲህ ሲሠሩ ኖሩ። እጃቸው ለመደው።

አንድ ቀን ከበረሃው አቧራ ተነሥቶ ሰማዩን ሸፍኖት ነበር፤ ማዕበሉም ከፍ ብሏል። ማሳምባ ከሁለት ሰዎቹ ጋር ባሕር ላይ ነው። ማኹ እኔ ዘንድ ሞተር ሊያሠራ መጥቶ ነበር፤ ሱቄ ያለው ሬዲዮ ድንገት ጮኸ።

«ማኹ! ማኹ! ሞተሩ ጠፍቷል፣ ውሃ እየገባብን ነው! ቁጥሩን ያዝ!»

ማሳምባ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ አነበበ። ከዚያ ሬዲዮው ዝም አለ። ማኹ ቁጥሩን መሣሪያው ላይ ጻፈና እጄን ይዞ ወደ ባሕሩ ጎተተኝ። የአጎቱን ልጅ ጀልባ ገፍተን ወጣን። ከእሷ የሚፈጥን ጀልባ በሰፈሩ አልነበረም።

መሣሪያው ደርሳችኋል አለን። ባሕሩ ላይ ግን ምንም የለም። አቧራው ዙሪያውን ዘግቶታል።

«ሞገዱ ወደ ደቡብ ገፍቷቸው ይሆናል» አልኩት። እውነት ነው፣ እኛ ጋ ሞገዱ ወደዚያ ነው የሚገፋው። ወደ ደቡብ ወረድን፤ እየዞርን ተጣራን። ማኹ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ከዚያ ድንገት ሞተሩን አጠፋው።

«መካኒክ፣ ቁጥሩን ሁለቴ ነው ያነበበው፣ አይደል?»

«ሁለቴ ነው።»

«ቀስ ብሎ።»

«አዎ፣ የሰማ ሁሉ እንዲይዘው አድርጎ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ለሁሉም ነበር የሚያነበው» አለ። «ምንም አልጨመረበትም። እኔ ቀነስኩበት።»

ምኑን እንደቀነሰ የነገረኝ ወደ ሰሜን እየበረርን ነው።

ስንደርስ የባሲሩ ጀልባ እዚያ ነበረች። ባሲሩ ጥሪውን ሲሰማ ከእኛ ይልቅ ከቦታው በጣም ርቆ ነበር፤ ግን የሰማውን ቁጥር እንዳለ ጽፎ በቀጥታ መጣ። የተገለበጠውን ጀልባ የሙጥኝ ያሉትን ሁለቱን ሰዎች አውጥቷቸዋል። ማሳምባ የለም።

ባሲሩ ሊናገር ሞከረና አለቀሰ። ከተረፉት አንዱ ነው የነገረን፦ «አሁን፣ ባሲሩ ሊደርስ ሲል ነው የማሳምባ እጅ የለቀቀው። አይዟችሁ፣ ማኹ የት እንዳለን ያውቃል፣ ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው ሲለን ነበር።»

ማሳምባ አልተገኘም። ለቅሶው ቤት ሽማግሌዎቹ የአላህ ውሳኔ ነው አሉ። ሰው ደግሞ ማሳምባ ደንግጦ ቁጥሩን ከሁለት አንዴ ሲያነብ አሳስቶ ይሆናል፣ ማኹ የያዘው ያንን ነው እያለ ያንሾካሹክ ጀመር። ማኹ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር፤ ከእኔም አፍ አይወጣም።

የማሳምባ ሚስት ሶኽና ግን አስጠራችው። «እውነት አሳስቶ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«አላሳሳተም። ትክክለኛውን ነው የሰጠኝ። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አላት፤ አንድም ሳያስቀር ነገራት።

«ልጆቹ ሲያድጉ አንተው ትነግራቸዋለህ» አለችው። «ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት።»

ማኹ ከዚያ ወዲህ የወንድሙን ልጆች እንደ ልጆቹ አሳደገ። ልብስ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የበዓል በግ አላጎደለባቸውም። ባሕር ላይ ሆኖ ቁጥሩን የጠየቀው ሁሉ፣ ባሲሩም ቢሆን፣ ያለበትን በትክክል ይነግረዋል። ቋጥኞቹን ሰው ወረሳቸው። እሱም ግድ አልሰጠው።

አምና የማሳምባን ትልቋን ልጅ፣ ንጎኔን ይዞ ሱቄ መጣ። እናቷን አክላለች። ልወጣላቸው ስል «ቁጭ በል፣ አንተም ነበርክ» አለኝ። ከዚያ እኔ ከማውቀው አንዲት ሳይቀንስ ነገራት።

ንጎኔ አላለቀሰችም። «ሁለቱን ቦታ አሳየኝ» አለችው።

መሣሪያውን ከአንገቱ አውልቆ አበራው። ሁለቱም ነጥብ አሉ፤ አባቷ የነበረበትና እኛ የሄድንበት። አጎንብሳ አየች። የአውራ ጣቷን ጥፍር አስቀመጠችበት፤ ሁለቱንም ሸፈናቸው።

«ልዩነቱ ይቺን ያህል ነው?» አለች።

«ይቺን ያህል ነው፣ ልጄ» አላት።