በመስኮቱ በኩል ያለው ጉንጭ

ፍሬን እምቢ ያለውን አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ አንድ ሰው ሳይነካ ያቆመ ሹፌር፣ ከበሽታ ይልቅ የባልደረቦቹን ሳቅ እንዴት ሊፈራ ቻለ? ሚስቱ ጠይቃዋለች። እሱም መሪውን ይዞ ብቻውን ሲሆን ራሱን ጠይቋል።

ዕድሜው ሃምሳን አልፏል። ከወጣትነቱ ጀምሮ በአንድ መስመር ሲመላለስ ነው የኖረው። መስኮቱ በግራው ስለሆነ ፀሐይ ግራ ፊቱን ለብቻው አስረጅታዋለች። በቀኝ በኩል ያየው ሰው ጎልማሳ ነው ይለዋል፤ በግራ በኩል ያየው ደግሞ ተነስቶ ወንበር ሊለቅለት ይዳዳዋል። ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋው ሚስቱ ፎቶ ሲነሱ ሁልጊዜ በቀኙ ነው የምትቆመው። «እኔ ያገባሁት ይሄኛውን ነው፤ ያኛውን አላውቀውም» ትላለች።

በዚያ በማታውቀው ጉንጭ ላይ፣ ልክ ከዓይኑ ሥር፣ ምስር የምታህል ሻካራ ነገር ወጣች። መጀመሪያ ምላጭ ነካኝ ብሎ ዝም አላት። ቅርፊቷ ይነሳል፣ ትደማለች፣ ተመልሳ ትይዛለች። በመጨረሻ ሚስቱ እጁን ይዛ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ወጣት ናት። በማጉያ መነጽር ስታየው ቆየችና፣ «አባቴ፣ ይሄ የፀሐይ ሥራ ነው» አለችው። «ለጊዜው ክፉ አይመስልም። ፀሐዩ ካልቀረላት ግን ልትከፋ ትችላለች። ያለችበት ቦታ ደግሞ መጥፎ ነው። ብትሰፋ ስናወጣት ዓይንዎን እንዳንነካ እፈራለሁ።»

ሹፌሩ ሌላውን ሁሉ አልሰማም። ዓይን የምትለዋን ብቻ ሰማ። ዓይን ከሌለ መንጃ ፈቃድ የለም፤ ከመንዳት ሌላ ደግሞ የሚያውቀው ሥራ አልነበረውም።

የታዘዘለት የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው። ጠዋት ከቤት ሳይወጣ፣ ከዚያም በየሁለት ሰዓቱ ፊቱን፣ ጆሮውንና አንገቱን እንዲቀባ ተነገረው። በማግስቱ ጠዋት መስታወት ፊት ቆመና እንደ ሹፌር አሰበ። ፀሐይ የምትገባው በመስኮት ነው፣ መስኮቱ ያለው በግራ ነው፤ ታዲያ ቀኙ ምን ቤት ነው ብዬ ክሬም አባክናለሁ? ስለዚህ ግራውን ብቻ ቀባ። ክሬሙ ደግሞ በጠይም ፊት ላይ ቶሎ የሚጠፋ ዓይነት አልነበረም፤ አመድ መስሎ ቁጭ አለ።

ትኬት ቆራጯ ገና ስትገባ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ጋሼ፣ ግድግዳው ግማሽ ላይ ቀለም አለቀብዎት እንዴ?»

እሷስ ደህና። መነሻው ጣቢያ ላይ ግን ከሩቅ በሚሰማ ድምፁ የተነሳ ጡሩምባ የሚባለው ሹፌር ነበር። «ኧረ ኑ እዩ! ሙሽራችን ተኩሎ መጣ! ሚዜዎቹ የታሉ?» ሜካኒኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ ሳቀ፣ ስምሪት የሚያወጣው ሰውዬ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ሙሽራው» ሆኖ ቀረ።

እሱም ዘዴ አወጣ። ጠዋት ሚስቱ እያየችው ይቀባል፤ ጣቢያው ሳይደርስ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ሙልጭ አድርጎ ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ፀሐይዋ እንደፈለገች ትሠራበታለች።

ወራት አልፈው ለምርመራ ሲመለስ ምስሯ ባቄላ አክላለች።

«ክሬሙን ይቀባሉ?» አለችው ሐኪሟ።

«በየቀኑ።»

ሚስቱ ቦርሳዋን ከፈተች። ነጭ ነጭ የደረቀባትን መሐረብ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻት። «ዶክተር፣ መቀባቱንስ ይቀባል፤ ያውም ግራውን ብቻ። የምትለብሰው ግን መሐረቧ ናት። ተመስገን ነው፣ መሐረባችን ከፀሐይ ተርፋለች!»

ሐኪሟ ልትስቅ ብላ ተወችው። «ግራውን ብቻ ነው እንዴ የሚቀቡት? አባቴ፣ ፊት ለፊትዎ ባለው በዚያ ሁሉ መስታወትስ ፀሐይ አይገባም?» ሹፌሩ ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ከባቄላዋ ጫፍ ቁራጭ ተወሰደ፤ ውጤቱ በሳምንቱ ይመጣል ተባለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሚስቱ ለምን እንደሚጠርግ እየጠየቀች የጣቢያውን ሳቅ ሁሉ አስወጣችው። በር ላይ ሲደርሱ፣ «ያ የሚስቅብህ ጡሩምባ ነው ወይ እየመራ የሚያደርስህ፣ ዓይንህ ከጠፋ?» አለችው። ድምፅዋ ተሰባብሮ ወጣ።

እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዚያን ቀን ጀምሮ ራቀው። ይገላበጣል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ ይተኛል። «አንተ ሰውዬ፣ አልጋውን እኮ ነዳኸው» ትለዋለች ሚስቱ፤ እሷም አልተኛችም።

ከሐኪሟ በተመለሱ ማግስት ጣቢያው ውስጥ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ስምሪት በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ወደ አውቶቡሱ የጎን መስታወት፣ ወደ ስፖኪዮው፣ ተጠጋና የክሬሙን ቱቦ አወጣ። ግራውን ቀባ፣ ቀኙንም ቀባ። ወደ ጆሮው ሄደ፣ ወደ አንገቱ ወረደ።

«አይ ሙሽራው! ዛሬ ደግሞ ዱቄት ፋብሪካ ነው ያደርከው?» አለ ጡሩምባ።

«ፀሐይ እየበላችኝ ነው» አለ ሹፌሩ ዞር ሳይል። «ይቺን ቁስል አየሃት? ዓይኔን ልትወስደው ነው። ሥጋዬ ተቆርጦ ለምርመራ ሄዷል። ሳቅ፣ ማን ከለከለህ፤ እኔ ግን ከእንግዲህ አልጠርግም።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሜካኒኩ አጎንብሶ መፍቻውን ማገላበጥ ያዘ። ጡሩምባ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያማል?» አለ።

«አያምም። መጥፎነቱም እሱ ነው፤ ስላላመመኝ ናቅኩት።»

ጡሩምባ የግራ እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ከክርኑ በታች እንደ አሮጌ ጎማ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል። «እስቲ ወዲህ በላት ያቺን ነገርህን።» ክንዱን ቀባ፤ ቱቦውን ሊመልስ ሲል ሹፌሩ፣ «ቀኙንስ?» አለው።

«ቀኜ ተሳፋሪ ነው፤ ከፍሎ ይቀባ!»

ትኬት ቆራጯ በሳቅ ወደቀች። ሹፌሩም ሳቀ፤ ሲስቅ ክሬሙ ፊቱ ላይ ተሸበሸበ።

ሳምንቱ ሲሞላ ባልና ሚስት ሐኪሟ ፊት ተቀመጡ። ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች። ያሰጋው ክፉ ነገር አልተገኘም፤ ቁስሏ ግን ሳትሰፋ መውጣት አለባት፤ ዓይኑ ጋ አልደረሰችም። ጠባሳ ይኖረዋል። ክሬሙ ግን እስከ ዕድሜ ልክ ነው።

«ጠባሳው ችግር የለውም» አለች ሚስቱ። «ድሮም ያን በኩል አላገባሁትም።» ይህን ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ሹፌሩ ትከሻዋን ይዞ ወደ ራሱ አስጠጋት።

ቤት ሲገቡ ገና አልመሸም። እሷ የጀመረችው ዩኒፎርም ስለነበር የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። እሱ ጫማውን ሊፈታ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎንበስ አለ። አንዱን ፈታ። ሁለተኛው እግሩ ላይ እንዳለ ጋደም አለና ቀረ። የስፌት መኪናው እየተንኳኳ፣ መስኮቱ ላይ ብርሃን እያለ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ወሰደው።